የታመመ ልጅ ወደ አራስ ቤት ሊገባ ይገባዋልን?

አራስን መጠየቅ በሀገራችን ምእመናን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መልካም ልማድ ነው። አንዲት ሴት በሰላም ተገላገለች በተባለ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ ይገባል፤ አንዷ ቅቤ፥ አንዷ የገንፎ ዱቄት፥ አንዷም ለአጥሚት የሚሆን እህል ይዛ ትመጣለች፤ የምትሰጠው የሌላት ደግሞ ውኃ ቀድታ፥ ልብስ አጥባ፥ እሳት አንድዳ ትሄዳለች። የዚህ ልማድ መሠረቱ ፍቅር ነው። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ መጀመሪያ እንደ ጻፈልን፥ እመቤታችን የኤልሳቤጥን መፅነስ ከመልአኩ በሰማች ጊዜ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ፥ ሦስት ወር ያህል ከእርሷ ዘንድ ተቀምጣለች።

እንግዲህ ጥየቃ ማለት ታይቶ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ለተጠየቀው ሰው ረዳት መሆን ነው። ይህን መሠረት ይዘን በዛሬው ትምህርታችን የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚጠረጠር ሕመም ያለበት ልጅ፥ አዲስ የተወለደ ዘመዱን ለማየት ወደ አራስ ቤት ሊገባ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ጥያቄው ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቤት ጭንቀትና ቅያሜ ያመጣል፤ በአንድ በኩል የሕፃን ሕይወት፥ በሌላ በኩል የዘመድ ፍቅር አለበትና። ለምሳሌ ያህል፥ አንዲት ሴት ከወለደች ገና 12 ቀኗ ነው እንበል። ታላቅ እኅቷ ከሌላ ከተማ ልትጠይቃት ተሰናድታለች። የ6 ዓመት ልጇ ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። እርሷ ብትቀር፥ እኅቷን ናቀች ይባላል፤ ልጁን ትታው ብትመጣ፥ ልጇን ለምን ደበቀችብን ይባላል፤ ይዛው ብትመጣ ደግሞ የሚደርሰውን አታውቅም። ይህች እናት ምን ታድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ የጨቅላውን ሁኔታ መገንዘብ ያስፈልጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን መጠኑ ያነሰ ትልቅ ሰው አይደለም። በሽታን የሚቋቋምበት የሰውነቱ ኃይል ገና አልጠነከረም፤ የአየር መተላለፊያው ቀጭን ስለ ሆነ፥ ለታላላቆቹ ተራ ጉንፋን የሆነው ሕመም ለእርሱ የሳንባ ምች ሊሆንበት ይችላል። ትክትክ የሚባለው በሽታ በተለይ አስጊ ነው። የ6 ዓመት ልጅ በትክትክ ሲያዝ ያስለዋል፥ ያስመልሰዋል፥ በኋላም ይድናል። ጨቅላ ግን አንዳንድ ጊዜ ሳያስለው እንኳ ትንፋሹ ይቋረጥና ፊቱ ይጠቁራል፤ ሞትም ይከተላል። ስለዚህ ታላቁ ልጅ በእግሩ እየሄደና እየተጫወተ ሳለ፥ የያዘው በሽታ ለታናሹ መጥፊያ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ካህናትም ምእመናንም ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት በሥርዓት መሰጠት የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ትክትክን የሚከላከለው ክትባት ለሕፃኑ የሚሰጠው በተወለደ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደግሞ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። 6 ሳምንት ማለት 42 ቀን ስለ ሆነ፥ ወንዱ ልጅ ክርስትና በሚነሣበት ዕለት ገና አንድ ጊዜ እንኳ የትክትክ ክትባት አልተሰጠውም። ሴቲቱ ግን ክትባቱን በየጊዜው አግኝታ እንደ ሆነ፥ በ80 ቀኗ ሁለት ጊዜ ተከትባለች። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ የሚጀመረው በ9 ወር ነው፤ የሚደገመውም በ15 ወር ነው። እናቲቱ ቀድሞ ኩፍኝ ወጥቶላት ወይም ተከትባ እንደ ሆነ፥ ከእርሷ የተቀበለው መከላከያ ሕፃኑን ለጥቂት ወራት ይረዳዋል፤ ይህ ካልሆነ ግን ምንም ጋሻ የለውም። እንግዲህ የአራስነት ወራት፥ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበትና ሕፃኑም ከሁሉ ይልቅ ያልተጠበቀበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ፥ ለመወሰን ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል።

1ኛ፥ የልጁ ሕመም ምንድን ነው? ትኩሳት፥ ሳል፥ የሚንጠባጠብ አፍንጫ፥ በሰውነት ላይ የወጣ ሽፍታ፥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ልጅ ወደ አራስ ቤት አይግባ። ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መጠርጠሩ ብቻ ይበቃል። በሽታው ያልታየበት ልጅም ቢሆን፥ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ኩፍኝ ወይም ትክትክ ከያዘው ልጅ ጋር ውሎ እንደ ሆነ፥ እርሱም ሊታሰብበት ይገባል። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራልና፤ በሽተኛው ከወጣ በኋላም በቤቱ አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

2ኛ፥ የሕፃኑ ዕድሜ ስንት ነው? 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብስ ዘንድ ይገባል።

3ኛ፥ ጥየቃው ቢዘገይ የሚጎዳው ማን ነው? ቢዘገይ የሚጎድለው ደስታ ነው፤ እርሱም በሌላ ቀን ይገኛል። ቢቸኩል ግን የሚጎድለው ሕይወት ሊሆን ይችላል፤ እርሱም አይመለስም። ሁለቱን በሚዛን ያስቀመጠ ሰው ፍርዱ አያስቸግረውም።

የመቆያውም ጊዜ ማለቂያ አለው። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 4 ቀን ይለያል። ትክትክ የያዘው፥ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት 5 ቀን እስኪወስድ፥ መድኃኒት ካልወሰደም ሳሉ ከበረታበት ቀን ጀምሮ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። ጉንፋን የያዘው ትኩሳቱና ሳሉ እስኪተወው ይጠብቅ። ከበሽተኛ ጋር የዋለና ያልተከተበ ልጅ ደግሞ 3 ሳምንት ቢታገሥ ይሻላል።

ይህን በሰሙ ጊዜ አንዳንዶች፥ ሕፃኑን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው፤ መፍራት እምነት ማጣት ነው ይላሉ። ጠባቂው እግዚአብሔር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቅዱስ ማቴዎስ በ2ኛው ምዕራፍ የሚነግረንን እናስታውስ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ፥ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። ያ ሕፃን የዓለም ጌታ ሲሆን፥ የተጠበቀው ከአደጋው በመራቅ ነው። ይህንንም ስደት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በወርኀ ጽጌ ታስባለች። ደግሞም ፈታኙ በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፥ ጌታችን አልተወረወረም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ አስተማረን እንጂ። ስለዚህ ሳል የያዘውን ልጅ ከጨቅላ ፊት አቅርቦ፥ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል ማለት እምነት አይደለም፤ መፈታተን ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዘናል።

በብሉይ ኪዳንም በኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛ ምዕራፍ፥ ካህኑ በሰውነቱ ላይ የሚያጠራጥር ምልክት የታየበትን ሰው 7 ቀን ለይቶ ያቆየው ነበር፤ ነገሩ ካልተለየም ሌላ 7 ቀን ይጨምርለት ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ሰውየው የተለየው በሽታው ተረጋግጦበት ሳይሆን ገና ሲጠረጠር ነው። ሁለተኛውም፥ መለየቱ ለቀን የተወሰነ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ወደ ወገኖቹ ይመለስ ነበር። መለየት ማራቅ እንጂ መጥላት አይደለም።

ታዲያ ያች ታላቅ እኅት ምን ታድርግ? እርሷ ራሷ ጤነኛ ከሆነች፥ ልጁን ለሚያምኑት ሰው አደራ ሰጥታ ብቻዋን ትሂድ። እንደ ደረሰች እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ የመንገድ ልብሷን ትለውጥ፤ ሕፃኑን ከመሳም ትታቀብ። እርሷንም ጉንፋን ይዟት እንደ ሆነ፥ ያዘጋጀችውን ስንቅ በሰው ትላክ፤ በስልክም ምክንያቱን ሳትሸሽግ ትንገራት። ቅያሜ የሚመጣው ከመቅረት ይልቅ ምክንያቱን ከመደበቅ ነውና። ልጁንም፥ በሽተኛ ስለ ሆንህ ቅር እያሉ አያሳዝኑት፤ ታናሽህን የምትጠብቀው አንተ ነህ፤ ሳልህ ሲተውህ ታቅፈዋለህ ብለው ያስረዱት። ይህ ለልጅ የመጀመሪያ የፍቅር ትምህርት ይሆነዋል።

የአራሷም ቤተሰብ በበኩሉ፥ ባል ወይም አማት በደጅ ቆሞ፥ ዛሬ ሳል ወይም ትኩሳት ያለባችሁ ልጆች አሉን? ብሎ በትሕትና ሊጠይቅ ይገባዋል። አራሷ ራሷ እንግዳ እንድትመልስ መተው አግባብ አይደለም፤ ደክማለች፥ ታፍራለችም። የተጠየቀውም እንግዳ አይቀየም።

ታላላቆችም ራሳቸውን ይመርምሩ። በከንፈር ላይ የሚወጣውን ቍስል ሕዝባችን ምች ብሎ ይጠራዋል፤ ፀሐይ ያመጣዋል ብሎም ይንቀዋል። ይሁን እንጂ ቍስሉ የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍ ረቂቅ ሕዋስ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ እስከ ሞት ያደርሳል። ምች የወጣበት ሰው ሕፃን አይሳም። እኛም ካህናት ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለንም። ሳል የያዘው ካህን ወደ አራስ ቤት ጸሎት ለማድረስ ቢጠራ፥ ጤነኛ የሆነውን ወንድሙን ይላክ፤ ሌላ ካህን ከሌለም ከደጅ ቆሞ ይጸልይ፤ በመስቀሉም ከሩቅ ይባርክ። ቡራኬ በርቀት አይከለከልም።

የታመመው ልጅ የሕፃኑ ወንድም ሆኖ በአንድ ቤት የሚኖር ከሆነ፥ ማራቁ አስቸጋሪ ነው። ቢቻል ታማሚው በሌላ ክፍል ይተኛ፤ የሚያስታምመውም ሰው አራሷን የማይረዳ ይሁን፤ መስኮት ይከፈት፤ እናቲቱም ጡት ከማጥባቷ በፊት እጇን ትታጠብ፥ ማጥባቷንም አታቋርጥ። ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፥ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፥ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፥ ወይም ካንቀጠቀጠው፥ ሳይነጋ አይነጋ ሳይሉ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው። ጠበል መረጨቱና ጸሎቱ ከሐኪም ቤት መሄዱን አይከለክልም፤ መሄዱም ጠበሉንና ጸሎቱን አያስቀርም።

ወገኖቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚሉት፥ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ከብዙ ዘመን ኀዘን ያድናል። አራስን የወደደ ሕፃኗን ይጠብቅላታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሁሉ የሚበልጠው ጥየቃ፥ ጤና እስኪገኝ ድረስ በቤት መቆየት ነው። ሕፃናትን በቸርነቱ የሚጠብቅ አምላክ፥ ለወላጆች ማስተዋልን፥ ለዘመድ ትዕግሥትን፥ ለሕፃናትም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሜን።