አብራሪ ለመሆን ለምትፈልግ ልጄ

ልጄ፣ አብራሪ ልትሆኚ እንዳሰብሽና አውሮፓ ይሻላል ወይስ አሜሪካ እያልሽ ደመወዝ እንደምታጠያይቂ እናትሽ ነገረችኝ። መጠየቅሽ ደግ ነው። እኔም የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከደመወዙ በፊት የሥልጠናውን ወጪ ጠይቂ። አውሮፓ ውስጥ ብዙው ወጣት አብራሪነትን የሚማረው በቤተሰብ ገንዘብ ወይም በብድር ነው፤ ወጪው ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሺህ ዩሮ ይጠጋል። 13 የጽሑፍ ፈተና አልፎ፣ 200 ሰዓት ያህል በርሮ ሊቀጠር ይችላል። አንዳንዱ ቀጣሪ ግን የሚያበረውን አውሮፕላን ለይቶ የሚማርበትን ሥልጠና እንኳ ራስህ ክፈል ይለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ደመወዝ ሲያዩት ያምራል፣ ሲገባ ግን ወደ ዕዳው ይሄዳል።

2. የአሜሪካው ክፍያ ከየት እንደመጣ እወቂ። በ2009 እ.ኤ.አ. ባፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ ኪው 400 አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው አለቀ። ኮምቦልቻ ሲያርፍ የምታዪው ባለሁለት ፕሮፔለር ዓይነቱ ነው። ምርመራው ጥፋቱን ከካፒቴኑ የተሳሳተ እርምጃ ላይ አገኘው፤ በዚያው ግን ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል ተጉዛ ሥራ መግባቷና የአነስተኛ አየር መንገድ አብራሪዎች ደመወዝ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደነበር ለሕዝብ ወጣ። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ረዳት አብራሪም በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ሊኖረው ግድ ሆነ። ወጣቱ ሰዓቱን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በትንሽ አውሮፕላን ሌሎችን እያስተማረ ነው። አብራሪ ሲጠፋ ደግሞ ክፍያው ናረ፤ በ2022 አንዳንድ አነስተኛ አየር መንገዶች ለጀማሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ፣ በ2023 የዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ያለው ስምምነት ፈረሙ። ሰዓቱ ግን የሚቆጠረው በበረራ ነው፤ አየር ማረፊያ ተቀምጠሽ የምትጠብቂውን ሁሉ አይጨምርም።

3. የቅጥር ተራ የሚባለውን ነገር አትናቂ። በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ደመወዝሽ፣ የምትበሪበት መስመር፣ የበዓል ዕረፍትሽ ሳይቀር የሚወሰነው በተቀጠርሽበት ቀን ነው። ሃያ ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ድርጅት ቢቀይር ከሰልፉ መጨረሻ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቅነሳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚነካው የመጨረሻውን ነው። አውሮፓ ደግሞ ቶማስ ኩክ የተባለው አየር መንገድ በ2019፣ ፍላይቢ የተባለው በ2020 ሲዘጉ ብዙ አብራሪ ባንድ ጀንበር ሥራ አጥቷል።

4. ፈቃድሽ ድንበር አለው። የኢትዮጵያ የአብራሪነት ፈቃድ ይዘሽ አውሮፓ ብትሄጂ ፈተናዎቹን እንደገና ትፈተኛለሽ፤ አሜሪካም የራሱን ፈቃድ ይጠይቅሻል፤ የሥራ ፈቃዱ ሌላ ነው። ዲቪ የደረሰው ሁሉ ኮክፒት አልገባም።

5. እዚሁ ጀምሪ የምልሽ ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርሯል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ድርጅቱ ራሱ ያሠለጥናል፣ በምትኩ ለዓመታት የሚያስርሽን ውል ያስፈርማል። ውሉን ከአባትሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ዓመቱንና የዋስትናውን ገንዘብ ሳታውቂ አትፈርሚ። ደመወዙ ከዴልታ ጋር አይተካከልም። ግን በዕዳ ሳትያዢ፣ ቦሌን በሚያህል ከፍታ ላይ፣ አየሩ ሳስቶ መንደርደሪያው በሚረዝምበት ቦታ ተምረሽ ትወጫለሽ። ይህ ልምድ በየትም አገር ዋጋ አለው። ከዚያ መሄድ ካለብሽ ሰዓትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አብሽሪ።

6. ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የአብራሪ የጤና ምርመራ አድርጊ። ዓይንሽ፣ ጆሮሽ፣ ልብሽ ይታያል። በእንግሊዝኛሽም ከአሁኑ ሥሪ፤ የሬዲዮ ንግግሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይፈተናል፣ ዝቅተኛው ማለፊያ ደረጃ 4 ነው። ዘንድሮ ፊዚክሱ ላይ በርቺ፤ መጽሐፍ ከጎደለሽ ደሴ ስትመጪ እኔ ጋ አለ።