ያረጀው ውሻና ጌታው

የጥናቱ ምንባብ፦ ምሳሌ 12፥10፤ ዘኍልቍ 22፥21-33፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-6፤ ኢሳይያስ 46፥3-4

በመንፈሳዊ መጽሔት ስለ ውሻ መጻፍ የማይገባ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። በአገራችን አነጋገር ውሻ የስድብ ቃል ነውና። በቅዱሳት መጻሕፍትም ውሻ የተጠቀሰባቸው ስፍራዎች አብዛኞቹ የክብር አይደሉም። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰነፎቹን የሕዝብ ጠባቂዎች መጮኽ ከተሳናቸው ውሾች ጋር ያመሳስላቸዋል (ኢሳ. 56፥10)። ነገር ግን ነቢዩ የነቀፈው ጥበቃውን የተወውን ውሻ መሆኑን እናስተውል። ተግባሩን የሚፈጽም ውሻ ታማኝ ጠባቂ መሆኑን ሰሚዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ኢዮብም የመንጋውን ጠባቂ ውሾች ያነሣል (ኢዮ. 30፥1)።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ስለዚሁ ታማኝነት መመስከራቸው ነው። እንግዲህ ውሻ ለጌታው ታማኝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬው ጥናታችን የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ጌታውስ ለውሻው ታማኝ ነውን? ይልቁንም ውሻው አርጅቶ መጮኽ ባቃተው ጊዜ?

1ኛ. በገዳሪፍ የእርሻ ሰፈር

ከመተማ ወንዝ ተሻግረን በገላባት በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ገዳሪፍ ከተማ እንደርሳለን። አገሩ ሜዳ ነው፤ መሬቱም ጥቁር መረሬ ነው። ሰሊጥና ማሽላ በዝናብ ይበቅልበታል። ለአረምና ለአጨዳ ከጎንደርና ከሌላውም ደጋ ብዙ ወገኖቻችን ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል። ከምእመናናችንም ቤት ልጁ ወይም ወንድሙ በዚያ መንገድ ያልሄደበት ጥቂት ነው።

እስቲ ለትምህርታችን አንድ ሰው በዐይነ ኅሊናችን እናቁም። ይህ ሰው በጉልምስናው ከአርማጭሆ ወርዶ በገዳሪፍ ሜዳ የእርሻ ዘበኛ ሆነ እንበል። ጎጆው ከማሽላ አገዳ የተሠራ ነው። ዘመድ የለውም፤ ቋንቋውም ገና አልገባውም። አንድ ቡችላ አገኘና ከእንጀራው እያካፈለ አሳደገው። ዓሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ውሻ ሌሊት በጅብና በሌባ ላይ ጮኸ፤ ቀን ጌታውን ተከትሎ ከእርሻው ዳር እስከ ዳር ዞረ። ጌታው በወባ በወደቀ ጊዜ ከደጁ ሳይነቃነቅ ሰነበተ። በአማርኛ የሚጠራው፣ ድምፁን ሰምቶም የሚደሰትለት ከእርሱ በቀር በዚያ ሜዳ ማንም አልነበረም።

አሁን ግን ውሻው አርጅቷል። ዐይኖቹ ነጭ ሞራ ለብሰዋል፤ ጥርሶቹ አልቀዋል፤ የኋላ እግሮቹ ጠዋት ጠዋት ይይዙታል። እንግዳ ሲመጣ አይሰማም። የእርሻው ባለቤትም «ይህን ጣለውና ሌላ ቡችላ አምጣ» ይለዋል። ሰውየውስ ምን ያድርግ?

ይህን ሰው ለምሳሌ ያህል ያቆምነው እኛ ነን፤ ጥያቄው ግን በደጋውም በቆላውም በየደጁ የሚነሣ ነው። ያረጀ ውሻ ከቤት ይባረራል፤ በድንጋይ ይመታል፤ ወይም ወደ ሩቅ ገበያ ተወስዶ ይጣላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። «ከእንግዲህ አይጠቅምም» የሚለውን ቃል ሳይመረምር የተቀበለ ሰው ነው።

2ኛ. የእግዚአብሔር ቃል ምን ይላል?

የምሳሌ መጽሐፍ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ያስተምረናል (12፥10)። ርኅራኄ በሰው ፊት ብቻ የሚታይ ልብስ አይደለም ማለት ነው። ሊከስሰን፣ ሊያማን፣ ወሮታም ሊከፍለን በማይችል ፍጥረት ላይ የምናደርገው ነገር የልባችንን እውነተኛ መልክ ይገልጣል። ሕጉም ለበሬና ለአህያ የሰንበት ዕረፍት ሰጥቷል (ዘዳ. 5፥14)፤ የሚያበራየውን በሬ አፉን ማሰር ከልክሏል (ዘዳ. 25፥4)። እግዚአብሔር ነነዌን ሲምር ሕፃናቱን ብቻ ሳይሆን እንስሶቹንም ለዮናስ ቈጥሮ ነግሮታል (ዮና. 4፥11)።

ከሁሉ ይልቅ የበለዓም አህያ ታሪክ ወደ ጥያቄያችን ይቀርባል። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ ደበደባት፤ እርስዋ ግን ከሞት እያዳነችው ነበር። እግዚአብሔር አፏን በከፈተ ጊዜ የተናገረችው ረጅም ስብከት አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕድሜውን ሁሉ እንዳገለገለችው አስታወሰችውና እንዲህ ያለ ነገር አድርጋበት ታውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችው። በለዓም ከማመን በቀር መልስ አልነበረውም። መልአኩም ስለ ምን እንደ መታት ወቀሰው። ያረጀው ውሻችን አፉ ባይከፈት እንኳ ደጃችን ላይ ተኝቶ ሲመለከተን ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቀናል።

3ኛ. የቆየ ወዳጅነት

በሰውና በውሻ መካከል ያለው ማሠሪያ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ ጥንታዊ መቃብር ተገኘ። ዕድሜው 14,000 ዓመት ያህል ነው። በውስጡም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከውሻ ጋር ተቀብረው ነበር። ሊቃውንት የውሻውን ጥርስ መርምረው ቡችላ ሳለ በጽኑ ታሞ እንደ ነበረና ሰው ባያስታምመው ኖሮ ፈጥኖ ይሞት እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቀዋል። ታማሚ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይረባም። ያስታመሙት ሰዎች የወደዱት ጥቅሙን ቈጥረው እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በጃፓን አገር ሐቺኮ የተባለው ውሻ ታሪክ ለብዙዎች የታወቀ ነው። ጌታው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረና እ.ኤ.አ. በ1925 በሥራው ላይ ሳለ ሞተ። ሐቺኮ ግን ይመለሳል ብሎ ሺቡያ በሚባለው የባቡር ጣቢያ እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ጠበቀው። አባታችን ማርቲን ሉተርም በቤቱ ውሻ ነበረው። ውሻው በማዕድ አጠገብ ቆሞ በጌታው እጅ ያለውን ሥጋ ዐይኑን ሳይነቅል ሲመለከት አይቶ፣ ሰው በጸሎት ጊዜ ልቡን እንዲህ ቢሰበስብ ምንኛ መልካም እንደ ነበረ ለተማሪዎቹ መናገሩ ተጽፎልናል። የሃይማኖት ታላቅ መምህር ከቤቱ ውሻ ለመማር አላፈረም።

የገዳሪፍ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎች ውሻ ልብሳቸውን እንዲነካ አይወዱም። በመካከላቸው የሚኖር ክርስቲያን ይህን አክብሮ ውሻውን ከደጃቸው ሊያርቅ ይገባዋል። ሆኖም በእነርሱም ወግ ለተጠማ ውሻ ከጕድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደ ተተወለት ይተረካል። ስለዚህ ለውሻ መራራት ጎረቤትን የሚያስቀይም ነገር አይደለም።

4ኛ. መለያየት ግድ በሆነ ጊዜ

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይና ከሑመራ አካባቢ ጦርነት የሸሹ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹ ተከዜን ተሻግረው ነበር። ከእነርሱም ብዙዎች በገዳሪፍ ግዛት ወዳለው ወደ ኡም ራኩባ ተወሰዱ፤ ይህ ስፍራ በ1977ቱ የረኃብ ዘመንም ስደተኞችን የተቀበለ ነው። ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፤ አያሌዎችም በገላባት አድርገው ወደ መተማ ተሻገሩ።

ሕፃን በትከሻው፣ አሮጊት እናቱን በክንዱ የያዘ ሰው ውሻውን ማዳን አይችልም። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጥሮታልና ሰው ይቀድማል፤ በዚህ ሰውየው ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ በስደት ሰፈር ተቀምጦ በደጁ የቀረውን ያረጀ ውሻ አስቦ ቢያለቅስ እንሣቅበትን? ስንት ሰው ሞቶ ሳለ ስለ ውሻ ታለቅሳለህ እንበለውን?

ነቢዩ ናታን ለዳዊት የተናገረውን ምሳሌ እናስታውስ። ድኻው ሰው አንዲት በግ ነበረችው፤ ከእንጀራው ትበላ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች። ናታን የድኻውን ፍቅር አላቃለለም። እንዲያውም የንጉሡን ኅሊና ለማንቃት የመረጠው ይህንኑ ፍቅር ነው፤ ዳዊትም በግፈኛው ላይ እጅግ ተቈጣ። እንግዲህ ሌላ ብዙ የሌለው ሰው ለእንስሳው ያለው ፍቅር በእግዚአብሔር ነቢይ ዘንድ መሳለቂያ ካልሆነ፣ በእኛም ዘንድ መሳለቂያ አይሁን። ስለ ውሻው የሚያለቅሰው ስደተኛ ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው ስለ ቤቱ፣ ስለ ደጁ፣ በዚያም ስለ ኖረው ሕይወቱ ጭምር ነው። ፍጥረት ሁሉ በአንድነት እንደሚቃትትና ነፃነትን እንደሚጠባበቅ ሐዋርያው ጽፎልናል (ሮሜ 8፥19-22)። ከዚህ ያለፈውን ለመወሰን አንደፍርም፤ የፈጠረው እንዳልረሳው ማመን ግን ይበቃናል።

5ኛ. የጌታው ግዴታ

ፍቅር በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ያረጀ ውሻ ያለው ሰው ይህን ያድርግ።

ሀ. ጥላና ውኃ አያሳጣው። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። በቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት ያረጀ ውሻ ፈጥኖ ይሞታል።

ለ. ለስላሳ ምግብ ይስጠው፤ ጥርሱ አልቋልና። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ደሙን ይጎዳዋል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል።

ሐ. ዐይኑ የደከመ ውሻ በድንገት ቢነካ ደንግጦ ይናከሳልና ልጆች አስቀድመው በስሙ እንዲጠሩት ያስተምር።

መ. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትበው። ሉዊ ፓስተር የበሽታውን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ መከላከያ አለ፤ ነገር ግን የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ውሻውን የሚወድ ጎረቤቱን አደጋ ላይ አይጥልም።

ሠ. መዳን በማይችል ሥቃይ ውስጥ ቢወድቅ የእንስሳት ሐኪም ያማክር እንጂ መርዝ አይስጠው። የመርዝ ሞት ጭንቅ ነው።

6ኛ. እኛም የምናረጅ ነን

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ታማኝነት ጥቅም እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ንግድ እንጂ ታማኝነት አይደለም። ያረጀ ውሻውን «አይጠቅምም» ብሎ የሚጥል ሰው፣ ያንኑ ቃል በአሮጊት እናቱ፣ በደከመ ሠራተኛው፣ በታመመ ወንድሙ ላይ ለመናገር ልቡን እያለማመደ ነው። በገዳሪፍ ሜዳ ጕልበታቸውን የጨረሱ ወገኖች አሉን። ክንዳቸው ሲዝል አሠሪም አልፈለጋቸውም፤ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱም አፈሩ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ መንደሩ ቢመጣ ጕባኤያችን የሚቀበለው ያመጣውን ገንዘብ ቈጥሮ ነውን?

ወንጌል ግን ከሕግ ወቀሳ የሚበልጥ ነገር አለው። እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እንደ ተሸከማቸው፣ እስከ ሽምግልናና እስከ ሽበት ድረስም እርሱ ራሱ እንደሚሸከማቸው ተስፋ ሰጥቷል (ኢሳ. 46፥3-4)። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሞተልን ስለምንጠቅመው አልነበረም፤ ደካሞችና ኃጢአተኞች ሳለን ነው (ሮሜ 5፥6-8)። እንዲህ ባለ ጌታ ቤት የምንኖር ከሆነ፣ በእኛ ደጅ የሚያረጅ ፍጥረት ከጌታው ደጅ አይባረር።

ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በለዓም አህያይቱ ስትጠይቀው ምን መለሰ? እኛስ ምን እንመልስ ነበር?
2. ናታን የድኻውን በግ ለምሳሌ የመረጠው ስለ ምንድር ነው?
3. በጕባኤያችን «አይጠቅምም» ተብሎ የተተወ ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል?

ጸሎት፦ ሰውንና እንስሳን የምትመግብ አባታችን ሆይ፥ በእጃችን ያኖርኸውን ፍጥረት ሁሉ በርኅራኄ እንድንጠብቅ ልብ ስጠን። በባዕድ አገር የሚያረጁትን ወገኖቻችንን አስብ። ጕልበታችን ባለቀም ጊዜ አንተ አትተወን። በልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።