«እግረ መንገድህን» ስንት ያወጣል?

ውድ አንባቢ፣ ታክሲ የሚነዱ ከሆነ ባዶ ሩጫ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም። ከአየር ማረፊያ ያለ ተሳፋሪ የተመለሱበትን መንገድ ሜትሩ አይቆጥረውም፤ ቤንዚኑ ግን ይቆጥረዋል። ከታክሲው ወይም ከሱቁ ጎን ለጎን የሰው ግቢ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ የግቢ ሥራም የራሱ ባዶ ሩጫ አለው። በዛሬው ዓምዳችን ለአንድ ደንበኛ ሳይቋረጥ የሚሠራ፣ ዓይነቱ ግን በየጊዜው የሚለዋወጥ የግቢ ሥራ እንዴት እንደሚተመን እንመለከታለን።

በ2025 ጁን ወር በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ሒሳቡን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ባለቤቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ማመልከቻ ጀምሯል። ለዚህም በፎርም አይ-864 ላይ ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረሱን ማሳየት ይጠበቅበታል። በግሉ ለሚሠራ ሰው ገቢ ማለት ደግሞ ኪሱ የገባው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ በግብር ወረቀቱ ላይ የቀረው ቁጥር ነው። «ሥራ አላጣሁም፤ የሚተርፈኝ ግን የለም» አለኝ።

ከደንበኞቹ አንዷ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ናቸው። «ለግቢው ሥራ» ተብሎ በቃል ስምምነት በወር 200 ዶላር ይከፍሉታል። ዕድሜ ለማስታወሻ ደብተሩ፣ የሜይ ወር ሰዓቱን መዝግቦ ነበር፦ 11 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ሣር ማጨዱና ዳር ዳሩን ማስተካከሉ የወሰደው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ «እግረ መንገድህን» ነው። እግረ መንገድህን ጽጌረዳውን ከርክምልኝ፣ አሸንዳውን ጥረግልኝ፣ ያንን የአበባ ማሰሮ ወደ ጥላው አዙርልኝ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው ይወጣሉ፣ ስለ እናቱ ጤና ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለውን ሰው «ይህ ለብቻው ይከፈላል» ማለት ለእኛ ለይሉኝታ ልጆች ሞት ነው።

200 ለ11 ሲካፈል በሰዓት 18 ዶላር ከ18 ሳንቲም ይመጣል። «ምንም አይልም» አለ። ወጪህን እንየው አልኩት። (ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የወጪ ሒሳብ የተማርኩት በትላልቅ ፋብሪካዎች ምሳሌ ነበር። ትምህርቱ ለአንድ ፒክአፕና ለአንድ የሣር ማጨጃ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን እንዲህ ካሉ ወገኖች ጋር ስቀመጥ ነው።) በዓመት ለግቢ ሥራው የሚነዳው 6,000 ማይል ነው። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ስለሚፈቅድ 4,200 ዶላር ሆነ። ይህ ቤንዚኑን፣ ጥገናውንና የመኪናውን ኢንሹራንስ ስለሚያጠቃልል ደግመው አይቁጠሩት። የመሣሪያ ማርጀትና ጥገና 1,200፣ የሥራው ኢንሹራንስ 800፣ የቆሻሻ መድፊያ 600፣ ስልክና ልዩ ልዩ 400። በድምሩ 7,200 ዶላር።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 36 ሳምንት ይሠራል፤ 864 ሰዓት ማለት ነው። ነገር ግን ከ8ቱ ሰዓት 2ቱ በመንገድ፣ በመጫንና በማውረድ ያልቃሉ። ደንበኛ የሚከፍልባቸው ሰዓቶች 648 ብቻ ናቸው። 7,200 ለ648 ሲካፈል በያንዳንዱ የሚከፈል ሰዓት 11 ዶላር ከ11 ሳንቲም ወጪ አለ። ከ18.18 ይህን ሲቀንሱ 7 ዶላር ከ7 ሳንቲም ይቀራል፤ ከፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ7.25 እንኳ ያንሳል። ወንድማችን ብዙ ዝም አለ።

ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ቆጠርን። በሠራበት ሰዓት ሁሉ 25 ዶላር እንዲቀረው ከፈለገ፣ 864 ሰዓት 21,600 ዶላር ይሆናል። በግል የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር 15.3 በመቶ ነው፤ የሚታሰበው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ከትርፉ 14 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ 21,600 እንዲቀር ትርፉ 25,150 ገደማ መሆን አለበት። 7,200ው ሲጨመርና ለ648 ሲካፈል 50 ዶላር መጣ። የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። ይህ የእሱ ቁጥር ነው፤ የእርስዎ ፒክአፕና የእርስዎ ሰዓት ሌላ ቁጥር ያወጣሉና ቁጥሩን ሳይሆን አቆጣጠሩን ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሴትዮዋን ሥራ በሦስት ከፈልነው። የመጀመሪያው የታወቀው ሥራ ነው፦ የማርች ጽዳት፣ በኤፕሪል በአትክልቱ ሥር የእንጨት ፍርፋሪ መነስነስ፣ እስከ ኦክቶበር በየሳምንቱ ማጨድ፣ በኖቬምበርና በዲሴምበር ቅጠል መሰብሰብ። በዓመት 60 ሰዓት ያህል ነው። ሁለተኛው «እግረ መንገድህን» ነው። ለእሱ በወር 1 ሰዓት በዋጋው ውስጥ አስገባንለት። ይህን ያደረግሁት ይሉኝታውን ስለማውቅ ነው፤ ማሰሮ ባዞረ ቁጥር ዋጋ ቢጠራ እሱም ያፍራል፣ እሳቸውም ይቀየማሉ። ከማርች እስከ ዲሴምበር 10 ሰዓት ሲጨመር 70 ሰዓት፣ በ50 ዶላር 3,500፣ ለ10 ወር ሲካፈል በወር 350 ዶላር። ከዚያች 1 ሰዓት የሚያልፈው በየግማሽ ሰዓቱ ይታሰባል፣ በወሩ መጨረሻ በደረሰኙ ላይ ከነቀኑ ይጻፋል። ሦስተኛው ትልቁ ሥራ ነው፦ አዲስ መደብ ማውጣት፣ የቁጥቋጦ አጥር መትከል። ይህ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ዋጋ ይቀርብለታል። ችግኝና አፈር በደረሰኝ ይገዛሉ፤ ለመግዣና ለማመላለሻ ጊዜው 15 በመቶ ይጨመራል። ለ12 ወር እኩል ያልከፋፈልነው፣ በኤፕሪል የጀመረ ደንበኛ በዲሴምበር ቢለይዎት የሠሩት ገንዘብ ደንበኛው ዘንድ ስለሚቀር ነው።

ከ200 ወደ 350 መዝለል ቀላል አይደለም። ወንድማችን ደብዳቤውን ለአራት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። በመጨረሻ ከሜይ ወር ዝርዝር ጋር ሰጣቸው። ሴትዮዋ አንብበው ሲጨርሱ «ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?» አሉት፤ ፈረሙም። ተመሳሳይ ደብዳቤ የደረሰው ሌላ ደንበኛ ግን በዚያው ሳምንት አሰናበተው። በዚያ ግቢ ያጠፋቸው የነበሩትን ሰዓቶች ዛሬ ታክሲው ላይ ነው።

ዋጋ ሲሰጡ ለማንኛውም ሥራ «እሺ» አይበሉ። በክፍያ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት ለመርጨት የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሜሪላንድ ረጃጅም ዛፍ ለመቁረጥም እንዲሁ። በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል መንፊያ በዋሽንግተን ዲሲ ከጃንዋሪ 2022፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ መጠቀም ተከልክሏል፤ የባትሪው ዋጋ ከመሣሪያ ወጪዎ ውስጥ ይግባ።

የግል ቤት ባለቤት 1099 ወረቀት ባይልክልዎትም የተከፈለዎት ሁሉ ስኬጁል ሲ ላይ ይገባል። «ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ማን ያየዋል» የሚል ወዳጅ ካለዎት፣ አይ-864 ሲሞሉ ያልተመዘገበው ገንዘብ እንደሌለ እንደሚቆጠር ይንገሩት። የሩብ ዓመት ግብር የሚከፈለው በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃንዋሪ 15 ነው። ደንበኛ በከፈለዎት ቀን ለግብር የሚሆነውን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ያዛውሩ፤ ወንድማችን ከእያንዳንዱ 350 ላይ 70 ዶላር ያስቀምጣል።