ድርብ ግድግዳ ያላቸውን አሮጌ ቤቶች ከብርድ ስለ መጠበቅ

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከተሠሩት አሮጌ መኖሪያ ቤቶች የብዙዎቹ ግድግዳ ድርብ ነው። ይኸውም አንዱ ግንብ በውጭ፣ ሁለተኛው በውስጥ ቆሞ በመካከላቸው 50 ሚሊሜትር ያህል ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ ሁለቱን የሚያያይዟቸው ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ይህ ክፍተት በመጀመሪያ የተተወው ስለ ዝናብ ነው። የውጩን ጡብ ዘልቆ የገባ ውሃ በጀርባው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጠኛው ግንብ አይሻገርም። ሙቀትን ስለ መጠበቅ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ በውስጡ የሚዘዋወረው አየር ሙቀቱን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላልና።

የማሞቂያ ወጪ የከበደበት ባለቤት ክፍተቱን በተፈጥሮ ዕቃ ለመሙላት ሲያስብ የበግ ጠጉር፣ ከአሮጌ ጋዜጣ የተዘጋጀ ብናኝና ቡሽ ይቀርቡለታል። ሦስቱም ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ሙቀትን በማገድ ብዙ አይበላለጡም። የሚለያዩት ውሃ ሲያገኛቸው ነው። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሢሶ የሚያህል ርጥበት ከአየር ጠጥቶ መልሶ ይተፋል። ይህ ጠባዩ ከኮርኒስ በላይ ሲነጠፍ መልካም ነው (በቦራክስ ያልታከመውን ግን ብል ይበላዋል)፤ ዝናብ በሚወርድበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ግን የጠጣውን የሚያደርቅለት ነፋስ የለም። የወረቀቱም ብናኝ ሲርስ ይሟሽሻል። ቡሽ ከነዚህ የተለየ ነው፤ የዛፍ ቅርፊት ሆኖ ጥቃቅን ሕዋሶቹ አየር የያዙና የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ በቀላሉ አይገባውም፤ ተፈጭቶም በቧንቧ ሊነፋ ይችላል። ዋጋው ግን ውድ ነው። በፖርቱጋል ሕግ አንድ ጊዜ የተላጠ ዛፍ 9 ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ አይላጥም።

ከዕቃው ምርጫ በፊት ግድግዳው ራሱ ይመርመር። ሠራተኛው በጡቦቹ መጋጠሚያ ትንሽ ቀዳዳ ሰርስሮ መብራት ያለው ቀጭን መመልከቻ ያስገባል። ግንበኞቹ ያንጠባጠቡት ስሚንቶ ከታች ተቆልሎ ወይም በማያያዣው ብረት ላይ ተጋግሮ ከተገኘ ውሃው በእርሱ ድልድይነት ይሻገራል። የዛገ ብረት ይለወጥ፤ ከተሞላ በኋላ ማየቱም ይከብዳል። የሚያፈስ አሸንዳ ይጠገን፣ ለወለሉ አየር የሚያስገቡት ቀዳዳዎችም እንዳይደፈኑ ይጠበቁ።

ነፋስ የሚነዳው ዝናብ በሚበረታበት በምዕራብ ዌልስና በምዕራብ ስኮትላንድ ዳርቻ ላለ ቤት ክፍተቱ ባዶውን ቢቀር፣ ገንዘቡም ከኮርኒስ በላይ ለሚነጠፍ ጠጉር ቢውል ይሻላል። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ነጋዴ የዚያን ቀን አንድ ሽያጭ ያጣ ይሆናል። ነገር ግን የራሰውን መሙያ ጡብ እየፈቱ ከግድግዳ ማውጣት ከመሙላቱ የበለጠ ወጪ አለው፤ ባለቤቱም ሒሳቡን ይዞ የሚመጣው ወደ ሻጩ ነው።