ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ሳንባችንን ማን ይጠርጋል?

ትኩሳቱ በርዷል፤ ራስ ምታቱም ለቋል። ሳሉ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ሕመምተኛው «ቫይረሱ ገና አልወጣልኝም» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አብዛኛውን ጊዜ ግን በዚያ ሰዓት ቫይረሱ ተሸንፏል፤ በመተንፈሻ አካላቱ ውስጥ የሚካሄደው ጽዳትና ጥገና ነው።

ቫይረስ ብቻውን መራባት ስለማይችል ሕዋሳት ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቲ ሕዋሳት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም የተጠቃውን ሕዋስ ለይተው ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ያደርጉታል። ይህ ሥርዓት ያለው ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ስያሜውን በ1972 እ.ኤ.አ. ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከግሪክኛ የወሰዱት ሲሆን፣ የቅጠልን መርገፍ ያመለክታል። መልካም ስያሜ ነው፤ ሟቹ ሕዋስ አይፈነዳም፣ ተኮማትሮ በሽፋን ወደተጠቀለሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል እንጂ።

ጠራጊዎቹ ሟቹን ከጤነኛው በምን ይለዩታል? በጤናማ ሕዋስ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ተሰውሮ የሚኖር፣ ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባል የስብ ዓይነት አለ። ሕዋሱ መሞት ሲጀምር ይህ ስብ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ «ብላኝ» እንደማለት ነው። ማክሮፋጅ፣ በስሙ ትርጉም «ትልቅ በላተኛ»፣ ምልክቱን ለይቶ ሟቹን ይውጠዋል፣ ይፈጨዋልም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነው፦ ማክሮፋጁ ከበላ በኋላ ብግነትን የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ስለዚህ ጽዳቱ ራሱ ውጊያው እንዲቆም የሚያዝ መልእክት ነው ማለት ይቻላል።

በወቅቱ ያልተነሣ ሕዋስ በበኩሉ ሽፋኑ ይቀደድና በውስጡ ያለው ሁሉ ይፈሳል፤ ብግነቱም እንደገና ይቀጣጠላል። ሉፐስ በተባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ዲኤንኤ እንደ ጠላት ይዋጋል፤ የሞቱ ሕዋሳት በሚገባ አለመጠረጋቸው ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳለው ይታመናል። ተንኮለኛው ኢቦላ ደግሞ በዚሁ ስብ ተሸፍኖ፣ የሞተ ሕዋስ መስሎ ወደ በላተኞቹ ይገባል።

ኢንፍሉዌንዛ የሳንባን ማክሮፋጆች ሊያዳክም ይችላል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያ ክፍተት ያገኛል። በ1918 እ.ኤ.አ. በተነሣው፣ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» በተባለው ወረርሽኝ ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ቫይረሱን ተከትሎ የመጣ የባክቴሪያ ሳንባ ምች እንደነበር፣ ከዘመኑ የተረፉ የሳንባ ናሙናዎች አመልክተዋል። ስለዚህ የሚዘገይ ሳል ብቻውን ብዙም አያስፈራም። ለቆ የነበረ ትኩሳት ተመልሶ ከተነሣ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተከተለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።