የታደሰች የሞተር ጀልባ፦ ሞተሯን ስለ ማስነሣትና ውኃ ላይ ስለ ማውረድ



በጣና ሐይቅ ከሠላሳ በላይ ደሴቶች እንዳሉ፣ በብዙዎቹም ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት እንደሚገኙ የታወቀ ነው። በደሴት ለሚኖር ምእመን ጀልባ መንገዱ ናት። ወላድ ወደ ሐኪም የምትደርሰው፣ ተማሪ ወደ ከተማ የሚሻገረው፣ እህል ወደ ገበያ የሚወጣው በእርሷ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ዳር ላይ ተጋድመው የኖሩ የእንጨት ጀልባዎቻቸውን ለማሳደስ የሚነሡ አጥቢያዎች ምክር ሲጠይቁን ደስ ይለናል። ስለ ጣውላ ቅያሪና ስለ ቀለም ግን እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ያንን ባለሙያው ያውቀዋል። የምጽፈው እድሳቱ አለቀ ከተባለበት ሰዓት አንሥቶ የመጀመሪያው መንገደኛ እስከሚሳፈርበት ድረስ ስላሉት ጥቂት ቀናት ነው። ኮሚቴ የሚቸኩለው በእነዚያ ቀናት ነው፤ አደጋም የሚደርሰው ያኔ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምከታተለው ሥራ ውስጥ የነበረ አንድ የደሴት አጥቢያ ጀልባውን አሳድሶ ጨረሰ። ክብረ በዓሉ ስለ ደረሰ፣ ጀልባዋ በዚያው ዕለት ሕዝብ እያየ ውኃ ላይ እንድትወርድ ኮሚቴው ወሰነ፤ እኔም በመርሐ ግብሩ ላይ ፈረምሁ። ሞተሩ በዋዜማው በየብስ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ እንከን ሠርቶ ስለ ነበር ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መሰለን። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ከሃያ በላይ ሰዎች አሳፍራ ከዳር ጥቂት እንደ ራቀች ሞተሩ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። የወለሉን ጣውላ ስናነሣ ውኃው ቁርጭምጭሚት ያልፍ ነበር። ነፋሱም ተነሥቶ ነበር። ሕዝቡን ያወጡልን በታንኳ የደረሱልን የደሴቱ ሰዎች ናቸው። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ አልነበረም።

ምክንያቱ ኋላ ሲመረመር ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው በነዳጅ ጋኑ ሥር ለዓመታት የተኛ ዝቃጭ ነው። በየብስ ላይ ጋኑ ስለማይናወጥ ዝቃጩ ባለበት ይቀመጣል፤ ሞተሩም ከላይ ያለውን ንጹሕ ናፍጣ እየሳበ ይሠራል። ማዕበል ጀልባዋን ሲያናውጣት ዝቃጩ ተነሥቶ ፊልትሮውን ደፈነው። ሁለተኛው ደግሞ ጣውላው ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ እንጨት ይሸማቀቃል፤ በጣውላና በጣውላ መካከል ያለው መጋጠሚያም ይላቀቃል። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ እስኪያብጥ ድረስ ጀልባዋ ታስገባለች፤ ይህም ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። እኛ ለዚያ አንዲት ሌሊት እንኳ አልሰጠናትም።

ከዚያ በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ዕድሜያቸውን በታንኳ የተመላለሱ፣ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ዲያቆን፣ ታንኳ እንኳ ሲሠራ መጀመሪያ ሠሪው ብቻውን ነው የሚቀዝፈው። እናንተ ሕዝቡን ለምን አስቀደማችሁ?» መልስ አልነበረኝም። በሁለተኛው ዙር የሠራነው ሁሉ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

በየብስ ላይ የሚደረገው

የሞተሩ የመጀመሪያ መነሣት በተራ የሥራ ቀን፣ ጥቂት ሰዎች ባሉበት፣ ገላጣ ስፍራ ላይ ይሁን። በተዘጋ መጠለያ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ጭሱ ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ አይፈቀድም።

ከሁሉ በፊት አሮጌው ነዳጅ ይፍሰስ፤ ጋኑም ተከፍቶ ይታጠብ። «አፍስሰነዋል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ ኮሚቴው ራሱ በመብራት ውስጡን ይመልከት። ቀጥሎ ዘይቱና ፊልትሮዎቹ ይለወጡ፤ በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የቀረ አየርም ይውጣ። ለዓመታት የቆመ ሞተር በሞተሪኖ ኃይል በድንገት መዞር የለበትም። ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመር፤ ከዚያ ዋናው ዘንግ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን ሁሉ የሚፈጽመው በሁለት ዙር ስለ ሆነ፣ አንድ ዙር ብቻ አዙሮ «ነጻ ነው» ማለት አይበቃም። በሆነ ቦታ ቢይዝ በጉልበት መግፋት አይገባም፤ ምክንያቱ ይፈለግ። ከዚህ በኋላ የነዳጁ መዝጊያ እንደ ተዘጋ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ እየዞረ የዘይት ግፊት መለኪያው ሲነሣ ይታይ። ኢንጀክተሮቹ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ያኔ ነው።

የማቀዝቀዣው ውኃ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። የጀልባ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው፤ ውኃውን የሚስበው ፖምፓም በውስጡ የጎማ መቅዘፊያ አለው። ይህ ጎማ ያለ ውኃ ከዞረ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ በየብስ ላይ በርሜል ሙሉ ውኃ ተዘጋጅቶ ቱቦው ከፖምፓው ጋር ይገናኝ፤ ሌላ ሰውም በርሜሉን እየሞላ ይቁም። ሞተሩ እንደ ተነሣ ውኃው በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ ካልታየ ወዲያው ይጥፋ። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ደግሞ ከሞተሩ ተነጥሎ ይቆይ፤ ዘንጉ የሚዞርበት የጎማ ቋት የሚለሰልሰው በውኃ ስለ ሆነ በደረቁ ቢዞር ይቃጠላል።

ሞተሩን ማስነሣት ከማሰብ በፊት ማጥፋቱን ማሰብ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ቁልፍ ስለ ተዘጋ ብቻ ላይቆም ይችላል። ከታደሰ በኋላ የራሱን ዘይት እየሳበ ማቃጠል ከጀመረ ፍጥነቱ እያደገ ሄዶ ከቁጥጥር ይወጣል፤ ነዳጅ መዝጋትም አያቆመውም። መፍትሔው አየር መንፈግ ነው። አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን አፍ የሚገጥም ወፍራም ጣውላ ይዞ ከአጠገቡ ይቁም፤ በእጁ ወይም በጨርቅ ግን አይሞክር፤ የሳበውን ይዞ ይገባልና። የቤንዚን ሞተር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባችሁ፦ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተው ነፋስ ይግባ፤ አፍንጫችሁ ምንም ሽታ እስከማያገኝ ድረስ ቁልፍ አይነካ። የእሳት ማጥፊያውም ከጀልባዋ ውጭ፣ በእጅ በሚደረስበት ይቀመጥ።

ሞተሩ በተነሣ በአሥር ሰኮንድ ገደማ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ ማጥፋት ነው። ጭሱንም እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ውኃ መኖሩን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል። በጥቁሩ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳር አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጥቂት ጥቁር ጭስም ያበዛል። «ጉልበት አነሰው» ብሎ ነዳጅ እንዲጨመርለት የሚያዝዝ የኮሚቴ አባል ሞተሩን ያቃጥለዋል። ውኃም በዚህ ከፍታ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የሙቀት መለኪያውን ቸል ማለት አያዋጣም።

ውኃ ላይ ስታወርዷት

ከመውረጃው ቀን ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ጆንያ በጣውላዎቹ ላይ ይነጠፍ፤ ጠዋትና ማታም ውኃ ይረጭበት። መውረጃው ስፍራ እምቦጭ የሌለበት ይመረጥ፤ ይህ አረም የውኃ ማስገቢያውን ወንፊት በደቂቃዎች ውስጥ ይደፍናል፤ በፕሮፔለሩም ላይ ይጠመጠማል። ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። በጣና ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚበረታ ቀዛፊዎቻችሁ ይነግሯችኋል።

በእኛ አገር ክሬን ሐይቅ ዳር አይገኝምና ጀልባዋ የምትወርደው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እየተንከባለለች ነው። ወደ ፊት የሚስብ ገመድ ብቻውን አይበቃም፤ ከኋላም የሚይዛት ገመድ ከጽኑ ዛፍ ጋር ይታሰር። ከፊቷ፣ ከጎኗና በተወጠረ ገመድ መስመር ላይ ማንም አይቁም። ይልቁንም ሕፃናት። የተበጠሰ ገመድ የሰው እግር ይሰብራል። ከመንቀሳቀሷ በፊት አንድ በስም የተመደበ ሰው የሥር ውታፉ መገጠሙን በእጁ ይዳስስ፤ ከሆዷ በታች ያሉት ሳራቺኔስካዎችም መዘጋታቸውን ይመልከት።

ውኃ ላይ ከዋለች በኋላ ባዶዋን፣ በገመድ እንደ ታሰረች፣ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ትደር። ሁለት ሰዎች ፖምፓ ይዘው ይጠብቋት። በየሰዓቱ ስንት ባልዲ ውኃ እንደ ወጣ ይጻፍ፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ እንጨቱ እያበጠ ነው፤ ካልቀነሰ ወይም ከጨመረ ግን ወደ የብስ ትመለስ። እኛ በሁለተኛው ዙር ሁለት ሌሊት አሳደርናት።

የዘንጉና የሞተሩ መጋጠሚያ የመጨረሻ ልኬት የሚወሰደውም አሁን ነው። ጀልባ በየብስ ላይ ተደግፋ ስትቆምና በውኃ ላይ ስትንሳፈፍ ቅርጿ ጥቂት ይለያያልና፣ በየብስ የተስተካከለው እዚህ ይዛነፋል። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን ሲለካ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ባይበልጥ መልካም ነው። ዘንጉ ከጀልባዋ በሚወጣበት ስፍራ ያለው ማሸጊያ ገመድ ደግሞ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ ማንጠባጠብ አለበት። ጠብታውን አይቶ ቡሎኑን እስከ መጨረሻው የሚያጠብቅ ትጉህ ሰው በየኮሚቴው አለ፤ ዘንጉ በልቶ የሚጎዳው በእርሱ ነው።

ሳራቺኔስካው ተከፍቶ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጀልባዋ እንደ ታሰረች ማርሽ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ትሥራ። ከዚያ መካኒኩና ሁለት ዋናተኞች ብቻ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሰው፣ ሌላ ጀልባ እየተከተላቸው፣ በዳር በዳር ይሂዱ። ሆን ብለው ወደ ማዕበሉ ጎን ይዙሩ፤ ዝቃጭ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል። ፊልትሮው ከዚህ ጉዞ በኋላ ተፈትቶ ይታይ።

ስለ ጭነቱ፦ ለሃያ ሰው የታሰበች ጀልባ፣ አንዱን በ70 ኪሎ ብናስብ፣ 1,400 ኪሎ ትሸከማለች፤ ይህም 28 ባለ 50 ኪሎ የአሸዋ ጆንያ ነው። በጆንያ ተጭና ትሞከርና ውኃው የደረሰበት ላይ ከውጭ በቀለም መስመር ይሰመር። ሆኖም ጆንያ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሰው ግን ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲደነግጥም በአንድ ጎን ይቆማል። ስለዚህ በጆንያ ከተሸከመችው ላይ ቀንሳችሁ የሰውን ቁጥር ወስኑ፤ ቁጥሩንም በጎኗ ላይ በጉልህ ጻፉት።

ስለ በጀትና ስለ ውል

ብዙ የቀረቡልን የእድሳት በጀቶች በቀለም ያበቃሉ። የመሞከሪያ ነዳጅ፣ መለዋወጫ የጎማ መቅዘፊያ፣ ሁለት ተጨማሪ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ የእጅ ፖምፓና በሰው ልክ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከመጀመሪያው ይካተቱ። የባለሙያው የመጨረሻ ክፍያም ሞተሩ በተነሣበት ቀን አይከፈል፤ ጀልባዋ በውኃ ላይ አድራ፣ በጭነት ተሞክራ ስትመለስ እንዲከፈል በውሉ ይጻፍ። ይህ ለባለሙያውም ይጠቅመዋል፤ ኮሚቴው ለበዓል ሲያጣድፈው የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋልና።

ያች ጀልባ ዛሬ ትሠራለች። ጸሎተ ቡራኬዋ የተፈጸመው ከሙከራው በኋላ በአንድ ተራ ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ካህናቱና ጥቂት ምእመናን ብቻ ነበሩ። ከመሪው አጠገብ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብተር ተሰቅሏል፤ የሠራችበት ሰዓት፣ የተጨመረው ዘይት፣ ከሆዷ የወጣው ውኃ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ገጽ እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው፦ በመጀመሪያው ሰዓት 31 ባልዲ፣ በመጨረሻው ሰዓት 2።