የተሰረቀ ስም

ቁልፍ ቢሰረቅ ጋኑ ይለወጣል፤ የልደት ቀን ቢሰረቅስ በምን እንለውጠዋለን?

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ኢኩዊፋክስ ከተባለው የብድር መዝገብ ያዥ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ፣ የብዙዎቹም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተሰረቀ። ሌባ በዚህ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ይበደራል፤ ዕዳውም በባለስሙ መዝገብ ይጻፋል።

መከላከያው መዝገቡን ማስዘጋት ነው። አዲስ አበዳሪ መዝገቡን ካላየ አብዛኛውን ጊዜ አያበድርም። ይህም ከ2018 ጀምሮ በሕግ ያለ ክፍያ ይፈጸማል፤ ሆኖም ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል። መዝጋቱ የቆየውን ሒሳብ ስለማይጠብቅ የባንክ መግለጫን በየጊዜው መመርመር ግድ ነው።

በዚያ አገር የምንማርም ሆንን ዘመድ ያለን ይህን እንወቅ፤ እናሳውቅም። ጥፋቱ የመዝገብ ያዡ ቢሆንም፣ ዕዳው የሚጻፈው በእኛ ስም ነውና።